ቢዝነስ ፕላኑ ኤ አገኘ፤ ማሩስ ተሸጠ?

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ሁሉ ይህቺን ኮርስ ታውቋታላችሁ። ኢንተርፕረነርሺፕ። ሦስት ክሬዲት አወር። መምህሩ ገና በሁለተኛው ሳምንት "ግሩፕ ሥሩ፣ የቢዝነስ ሐሳብ አምጡ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቢዝነስ ፕላን ታስገባላችሁ፣ ፕረዘንቴሽንም አለው" ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው የላፕቶፕ ቻርጀር ያቀብላል፣ የተቀሩት ስማቸው በትክክል መጻፉን ያረጋግጣሉ።

ዛሬ ይህንን ኮርስ ወደ መካነ ሰላም ይዘነው እንሄዳለን። ለምን መካነ ሰላም? አንደኛ፣ አዲስ አበባ ላይ ስለ ስታርታፕ የሚወራው ወሬ ሌላ አገር የሌለ ያስመስላል። ሁለተኛ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከዋናው የቱሉ አውሊያ ግቢው ሌላ መካነ ሰላም ላይም ካምፓስ አለው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች መሀል ቢዝነስ ፕላን የሚጽፉ ወጣቶች አሉ ማለት ነው። ጥያቄያችን ቀላል ነው፤ ያ ወረቀት ከመምህሩ ቢሮ ወጥቶ ገበያ ይደርሳል ወይ? ካልደረሰስ የት ላይ ነው የሚቀረው?

መጀመሪያ አገሩን እንወቅ። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ኦሮሚያ ካለው ቦረና ጋር እንዳታምታቱት፤ ይሄኛው የወሎው ነው። ከደሴ ሲመጣ መንገዱ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጦ ነው የሚደርሰው። በሌላ በኩል ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ተሻግሮ ጎጃም ነው፣ ጉንደ ወይን። ጎረቤቶቹ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ ናቸው። ደጋው ላይ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ። ቆላው ላይ ጤፍና ማሽላ። መሀል ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው የደንቆሮ ጫካ አለ። ስሙ አያስቃችሁ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው እሱ ነው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት። አበባ ያለበት አገር ነው። አበባ ካለ ንብ አለ፣ ንብ ካለ ማር አለ።

ለዚህም ነው ለዛሬው ምሳሌያችን ማርን የመረጥነው። የግሩፕ አሳይንመንት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሦስት የቢዝነስ ሐሳቦች አይሞቱም፦ ዶሮ እርባታ፣ ጁስ ቤት፣ ማር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንናዘዝ። ከዚህ ገጽ አዘጋጆች አንዱ ኮርሱን ሲወስድ (ግቢውን አንጠራም) የግሩፑ ሐሳብ ዶሮ እርባታ ነበር። ፕላኑ አርባ ገጽ ነበር። የአምስት ዓመት የትርፍና ኪሳራ ሠንጠረዥ ነበረው፤ በየዓመቱ ትርፉ በሃያ በመቶ ያድጋል። ለምን በሃያ? ከቴሌግራም ላይ የወረደው ፒዲኤፍ እንደዚያ ስለሚል። ከግሩፑ አባላት ዶሮ አርብቶ የሚያውቅ አልነበረም። አንድም ሰው ሄዶ አንድ ዶሮ አርቢ አላነጋገረም። መኖ ስንት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ውጤቱ ኤ ነው። ያ ኤ ዛሬም ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ፤ ዶሮዎቹ ግን እንቁላል ጥለው አያውቁም።

ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የችግሩ ዋና ነገር ነው። ኮርሱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲሱ የአንደኛ ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ እንዲሰጥ ተደርጓል፤ መሐንዲስም ሁን ነርስ፣ ትወስደዋለህ። ሞጁሉን ከፍታችሁ ካያችሁት ቅደም ተከተሉ ይገርማል። የኢንተርፕረነርሺፕ ምንነት፣ ከዚያ ቢዝነስ ፕላን፣ ከዚያ የድርጅት አመሠራረት፣ ከዚያ የምርት ዕድገት፣ ከዚያ ነው ማርኬቲንግ። ፕላኑ መጀመሪያ፣ ገዢው ኋላ! ተማሪው ማን እንደሚገዛው ሳያውቅ የአምስት ዓመት ትርፉን ያሰላል። መምህሩንም አንፈርድበትም፤ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ይዞ ወረቀት ከማረም ሌላ ምን ያድርግ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ለአብዛኛው ዲፓርትመንት ኢንተርፕረነርሺፕ እዚያ ፈተና ላይ አይመጣም። ስለዚህ ተማሪው "አሳልፈኝ እንጂ" ብሎ ይወስዳታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛም ያደረግነው እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ማሩ።

አንዲት የመካነ ሰላም ተማሪ እንበል። ሐሳቧ ጥሩ ነው፤ ከአናቢዎች ማር ገዝቶ፣ አጣርቶ፣ በንጹሕ ማሰሮ አሽጎ አዲስ አበባ መሸጥ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ያህል ያስቀመጥናቸው ናቸው፣ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ገበያው የራሱን ይንገራችሁ።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል። 20 ኪሎ ማር በኪሎ 500 ብር፣ 10,000 ብር። ሃያ ማሰሮ ከነመለያው በ60 ብር፣ 1,200። ከገጠር ማምጫ 500፣ ወደ አዲስ አበባ መላኪያ 600። ጠቅላላ ወጪ 12,300። በኪሎ 750 ሲሸጥ 15,000 ይገባል። ትርፍ 2,700 ብር። ቆንጆ አይደል? መምህሩም ይስማማል፣ ኤክሴሉም ይስማማል።

አሁን እጃችንን ማሩ ውስጥ እናስገባ። ከባህላዊ ቀፎ የሚመጣው ማር ሰፈፉን፣ ሰሙን፣ አልፎ አልፎም ንቡን ጭምር ይዞ ነው የሚመጣው። ሲጣራ ይቀንሳል። ከ20 ኪሎው 15 ኪሎ ወጣ እንበል። ማሰሮው 15 ብቻ ስለሆነ 900 ብር ይሆናል፤ ሌላው ወጪ ያው ነው። ጠቅላላ 12,000። ለ15 ሲካፈል አንዱ ኪሎ 800 ብር ፈጀ ማለት ነው። እሷ ግን በ750 ልትሸጠው ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ 50 ብር እየመረቀች፣ በጠቅላላው 750 ብር ከስራ ወጣች። ያው 2,700 ያተረፈችበት ወረቀት።

አያችሁ? ሐሳቡ አልወደቀም። ዋጋው ነው የተሳሳተው። ይህን ስህተት ለማወቅ ደግሞ አርባ ገጽ አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ማር ገዝቶ፣ በወንፊትና በጨርቅ አጣርቶ፣ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚወስድ ሥራ። ይህን ያደረገች ተማሪ ሌላም ነገር ታያለች፤ የተረፈው ሰም ቆሻሻ አይደለም። ቀልጦ ሲጣራ ጧፍ ለሚሠሩ ይሸጣል። በወረቀቱ ላይ ያልነበረ ገቢ ከወንፊቱ ላይ ተገኘ!

ቀጥሎ የሚመጣው ከዋጋውም የሚከብደው ነገር ነው። እምነት። አዲስ አበባ ላይ ማር የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው "ስኳር የለበትም?" ነው። እውነት አለው፤ ስንቱ በስኳር ተታሏል። እና ይህቺ ተማሪ ማሯ ንጹሕ ሆኖ ሳለ አንድ ወር ቆይቶ ማሰሮው ውስጥ ሊረጋባት ይችላል። ገዢው ደውሎ "ስኳር ነው የሸጥሽልኝ፣ ደርቋል" ይላል። ሐቁ ግን ሌላ ነው፤ ማር መርጋቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ውስጡ ያለው ግሉኮስ የሚባለው የስኳር ዓይነት በብርድ ቶሎ ይረጋል፣ አንዳንድ አበባ የሰጠው ማር ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይረጋል። የትግራይና የላሊበላ ነጭ ማር እኮ ረግቶ ነው የሚከበረው። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማሰሮውን አቆይቶ መመለስ ይቻላል፤ እሳት ላይ መጣድ ግን ማሩን ያበላሸዋል። ይህንን ሁለት መስመር አድርጎ ማሰሮው ላይ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም። ደንበኛ ያተርፋል።

ሌላው እርጥበት ነው። ዓለም አቀፉ ኮዴክስ የሚባለው የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት ከ20 በመቶ ያልበለጠ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ማሩ ይቦካል፤ ጠጅ ለሚጥል ሰው ችግር የለውም፣ ማሰሮ ለሚያሽግ ሰው ግን ክዳኑ ተፈናጥሮ ይጠብቀዋል። ይህንን የምትለካው ሪፍራክቶሜትር የምትባል በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ናት። ጠብታ ማር መስታወቷ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን አዙሮ በአንድ ዓይን ማየት ነው፣ በቃ። እስቲ አስቡት፤ የግብርና ወይም የኬሚስትሪ ተማሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ታዲያ ቢዝነስ ፕላኑ ላይ "የእኛ ልዩ ጥንካሬ" በሚለው ሥር የሚጻፈው ምንድነው? "ጥራት ያለው ምርት በተመጣጣኝ ዋጋ።" ኧረ በናታችሁ!

እሺ፣ ሐሳቡ ተፈተነ፣ ዋጋው ተስተካከለ እንበል። ገንዘቡስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች "መንግሥት ብድር ይስጠን" ብለው የሚቆሙት። የነበረውን እንይ። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተያዘለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሞ ነበር። በአማራ ክልል ገጠር ብድር ሲነሳ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ስሙ የሚጠራው አብቁተ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል። አብቁተ በቡድን ዋስትና ነበር የሚያበድረው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዋስ እየሆነ። ባንክ ሲሆን ግን ባንክ ነው፤ የሚጠይቀውም እንደ ባንክ ነው። ቤት አለህ? ካርታ አለህ? የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ምን ካርታ ይኖረዋል?

አብዛኛው ወጣት ያልሰማው አንድ ሕግ ግን አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ ቁጥር 1147። ከብት፣ የደረሰ ሰብል፣ ማሽን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ ሳይቀር ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል ይላል። መያዣው ደግሞ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ይመዘገባል። ለለጋምቦና ለሳይንት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የቤተሰቡ ሀብት በግ እንጂ ሕንፃ አይደለም። ችግሩ ሕጉ ወረቀት ላይ መኖሩና የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በግ አስይዞ ማበደር መድፈሩ ለየቅል መሆኑ ነው። በጉ ቢታመምስ? ቢሸጥስ? ደግሞም እንዳንዋሽ፣ የአባትን በሬ አስይዞ መነገድ ቀልድ አይደለም። ማሩ ከስሮ በሬው ቢሄድ የሚራበው ተማሪው ብቻ አይደለም። ስለዚህ "ሕጉ አለ፣ ተጠቀሙበት" ብለን በቀላሉ አናልፈውም። መጀመሪያ በአንድ ኪሎ የተፈተነ፣ ከዚያ በሃያ ኪሎ የተፈተነ ሐሳብ ላይ ካልሆነ በሬውን አትንኩት።

የባንኮችን በርም አንርሳ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደርጓል። ገንዘቡ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ማን ይመስላችኋል? የድሮ ደንበኛው አስመጪ ወይስ ገና ንግድ ፈቃድ ያላወጣች የማር ነጋዴ?

ስልካችን ላይ ያለው ብድርስ? ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር "መላ" እና "እንደ ኪሴ" የሚሉትን ብድሮች አመጣ። መያዣ አይጠይቅም፤ የስልክና የገንዘብ እንቅስቃሴህን አይቶ ነው የሚወስነው። ማሰሮ ለመግዛት ሊረዳ ይችላል። ግን የአጭር ጊዜ ብድር ነው። ማር ደግሞ የራሱ ወቅት አለው፤ ደጋው ላይ ዋናው የሚቆረጠው ክረምት አልፎ አደይ አበባ ካበበ በኋላ ነው። ብድሩ ካለቀበት ቀን በኋላ ለሚገባ ገቢ የአጭር ጊዜ ብድር መውሰድ ራስን ማነቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እዚያው አገር ያለ ነገር አለ፤ እቁብ። ስድስት የዶርም ጓደኛ በሳምንት ጥቂት ብር እየጣለ የመጀመሪያውን ዕጣ ለነጋዴዋ ቢሰጣት፣ ወለድ የለው፣ ፎርም የለው። ወሎ ላይ ደግሞ ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ቅሬ ለሐዘን ነው የሚባለው፣ ልክ ነው። ግን አንድ መንደር ሙሉ ሰው ማን ታማኝ እንደሆነ፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ የሚያውቅበት መዝገብም ነው። ተማሪዋ ከአናቢዎች ማር በዱቤ ብትጠይቅ የሚጠየቀው "የማን ልጅ ናት?" ነው። ይህ የትኛውም ሞጁል "የፋይናንስ ምንጮች" በሚለው ምዕራፍ ውስጥ የለም። መኖር ነበረበት እንላለን።

አሁን ደግሞ ዝም ብለን የማናልፈው። የአንዲት ተማሪን ብልሃት ብቻ እየተነተንን ያለችበትን አየር ብንረሳ ሐሰት ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ፣ ፌስቡክ ላይ የሚያስተዋውቅ ልጅ በአንድ ሌሊት ሱቁ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ "ዲጂታል ኢትዮጵያ" እያልን ስንሰበሰብ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ተጀመረ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ኢንተርኔት ላይ ነው የሚሰጠው። ለዓመት የጠፋ ሰው ሲመለስ ከየት ይጀምር?

መንገዱም እንደዚያው ነው። ግጭት ባለበት አገር መኪና የሚያድረው ሾፌሩ ባቀደው ቦታ አይደለም። ዛሬ ይሄዳል የተባለው ጭነት ለሳምንት ይቆማል። ማር በዚህ ረገድ ከቲማቲም ይሻላል፤ አይበላሽም፣ ይጠብቃል። ይህ ራሱ ጥሩ የቢዝነስ ትንተና ነው፤ መንገዱ በማይታመንበት አገር የማይበላሽ ነገር ሽጥ። የደጋው የሱፍ ሥራም፣ ባናውም፣ በሶውም እንደዚያው። ከመካነ ሰላም ወተት ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ የሚል ፕላን ግን፣ አዝናለሁ፣ ወረቀት ነው።

ከዚህ ላይ የዋጋውን ጨምሩበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሰኔ ላይ የተጻፈ ቢዝነስ ፕላን መስከረም ላይ ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ማሰሮው፣ ነዳጁ፣ ሪፍራክቶሜትሯ ሁሉ በዚያው ዋጋ አልቆዩም። ለአምስት ዓመት ትርፍ የሚያሰላ ተማሪ የአምስት ወሩን እንኳ እንዴት ይገምት? መምህራን ይህንን ሠንጠረዥ ለምን አጥብቀው እንደሚጠይቁ እኛ እስካሁን አልገባንም።

ታዲያ ሌሎች ምን አደረጉ? ሦስት ጥናቶችን እናካፍላችሁ።

አንደኛው የእኛው ነው። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ዴርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎችን ተከታተሉ። አመልካቾቹን በዕጣ ከፋፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን ሥራውን አገኘ፣ ሌላው 300 ዶላር ገደማ ገንዘብና የንግድ ሥልጠና አገኘ፣ ሦስተኛው ምንም። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘቡን ያገኙት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ አድጎ ነበር። እልል የሚያሰኝ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሄዱ። ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ሦስቱም ቡድኖች እኩል ሆነዋል። መነሻ ገንዘብ ያስነሳል እንጂ ብቻውን አያቆይም ማለት ነው። "ብድር ብቻ ባገኝ" ለምንል ሰዎች ይህ የሚቆረቁር ነው፣ ግን ማወቁ ይሻላል።

ሁለተኛው ከቶጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነው፤ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች። አንዱ ሦስተኛ የተለመደውን ሥልጠና ወሰደ፤ ሂሳብ አያያዝ፣ ማርኬቲንግ፣ እኛ ክፍል ውስጥ የተማርነው ዓይነት። ሌላው ሦስተኛ የተማረው ራሱ ተነሳስቶ መሥራትን ነው፤ ሌላው ያላየውን መፈለግ፣ ሳይነገሩ መጀመር፣ ሲያቅት ሌላ መንገድ መሞከር። የቀሩት አልሠለጠኑም። የሁለተኞቹ ትርፍ በ30 በመቶ ጨመረ። የተለመደውን ሥልጠና የወሰዱት ጭማሪ 11 በመቶ ነበር፤ እሱም በአጋጣሚ የመጣ ላለመሆኑ በስታቲስቲክስ ማረጋገጫ ያልተገኘለት።

ሦስተኛው ከኡጋንዳ ነው። እዚያ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሞከረ ስቴፕ የሚባል የ12 ሳምንት ኮርስ አለ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ኮርሱ ሳያልቅ፣ በትንሽ መነሻ ገንዘብ እውነተኛ ንግድ ይጀምራሉ። የሚማሩት እየሸጡ ነው። ጥናቱ እንዳሳየው ኮርሱን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በኋላ የራሳቸውን ሥራ የመጀመር ዕድላቸው ከፍ ብሏል።

ኡጋንዳ እኮ ሩቅ አይደለችም። እኛም አገር በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት አለ። በ2005 ዓ.ም. ማዕከል ሆኖ ሲጀመር ኢምፕሬቴክ የሚባለውን የተባበሩት መንግሥታት ሥልጠና ነበር ይዞ የመጣው፤ እሱም ዋና ትኩረቱ የሰውየው ጠባይ ላይ እንጂ ወረቀቱ ላይ አይደለም። "ብሩህ" የሚባለው የቢዝነስ ሐሳብ ውድድርም አለ። ስለዚህ ዕውቀቱ አገር ውስጥ ጠፍቶ አይደለም። ከሥልጠና አዳራሽ ወጥቶ ሦስት ክሬዲቷ ኮርስ ውስጥ አልገባም እንጂ።

እኛ የምንለው ይሄ ነው። ኮርሱ አይጥፋ። ግን ከውጤቱ ግማሹ በሽያጭ ይሁን። ለዩኒቨርሲቲው አዲስ በጀት አያስፈልገውም። ግሩፑ በሴሚስተሩ ውስጥ ለማያውቀው ሰው፣ ማለትም ለእናት፣ ለአጎት፣ ለዶርም ጓደኛ ሳይሆን፣ አንድ ነገር በብር ይሽጥ። አንድ ኪሎ ማር ይሁን፣ ሦስት የተጠለፈ የሱፍ ኮፍያ ይሁን፣ ለገበሬ ስልክ መጠገን ይሁን። ከዚያ አርባ ገጽ ሳይሆን አራት ገጽ ይጻፍ፤ ማን ገዛ፣ ማን እምቢ አለ፣ ለምን እምቢ አለ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ። ያልሸጠ ግሩፕም ለምን እንዳልሸጠ በሐቅ ከጻፈ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው። ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ ደግሞ "ማን እምቢ አለ" የሚለውን ጥያቄ መመለስ አይችልም፤ ኩረጃውም በዚያው ይቀንሳል።

የሚቃወሙ እንዳሉ እናውቃለን። አንድ መምህር "ተማሪ ሊማር ነው የመጣው፣ ሊነግድ አይደለም" ሊል ይችላል። ሌላም ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሥራ የሌለበትን አገር ችግር "ሥራ ፈጣሪ ሁኑ" ብሎ ተማሪው ጫንቃ ላይ መጫን ነው የሚል። በዚህኛው ከልባችን እንስማማለን። ሁሉም ተመራቂ ነጋዴ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። መንገድ፣ ሰላም፣ ኢንተርኔት የመንግሥት ሥራ ነው፤ በማር ማሰሮ አይተካም። ግን ኮርሱን አስገድዳችሁ እስከሰጣችሁት ድረስ ቢያንስ እውነተኛ ይሁን ነው የምንለው። ነርስ የምትሆነው ልጅም ብትሆን አንድ ጊዜ ዋጋ ተምና፣ አንድ ጊዜ እምቢ ተብላ፣ አንድ ጊዜ ሂሳቧ ተሳስቶ ብታይ ነገ ክሊኒክ ስትከፍት ይጠቅማታል።

ለዚህች ኮርስ አሁን ለተመዘገባችሁ፣ መካነ ሰላምም ሁኑ ቱሉ አውሊያ፣ ደሴም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። የግሩፕ ፕላናችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ልትሸጡ ያሰባችሁትን ነገር አንድ ፍሬ ገዝታችሁ ወይም ሠርታችሁ ለአንድ ለማታውቁት ሰው ሽጡ። ሂሳቡን በወረቀት ጽፋችሁ፣ የትርፉንም የኪሳራውንም ፎቶ ላኩልን። የከሰሩትን ነው በተለይ ማየት የምንፈልገው፤ ስም ሳንጠቅስ በሚቀጥለው ጽሑፍ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን። የዶሮው ግሩፕ አባልም የመጀመሪያውን እንቁላል ሸጦ ሂሳቡን ይልካል፤ ቃል ገብቷል።